በከሰል ጆንያው ውስጥ ያለው መስኮት

«ከካሳራኒ እስከ ኪሌሌሽዋ፣ በዚህ ሁሉ ናይሮቢ ውስጥ፣ በኮከቦች መሃል ያለውን አቧራ የለካ ሰው እኔ ብቻ ነኝ!»

ሐሴት ይህን ያለችው በሹክሹክታ አልነበረም። የተሳፈሩበት ማታቱ፣ የናይሮቢው ሚኒባስ፣ ሙዚቃው ወንበሩን ሳይቀር ያንዘፈዝፋል፤ እሷ ደግሞ ከሙዚቃው በላይ ነበር የጮኸችው። የኤልኒኞ ዝናብ መንገዱን ቦርቡሮት ስለሄደ፣ በጉልበቶቿ መሃል ያቆመችው የማኒላ ወረቀት ጥቅል ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ከፊቷ የተቀመጡትን ሰውዬ ማጅራት ይነካል። ሰውዬው ሁለቴ ዞረው ገላመጧት። እሷም ሁለቴ ፈገግ አለችላቸው።

በሩ ላይ የተንጠለጠለው ወያላ፣ ናይሮቢዎች ማካንጋ የሚሉት፣ ጥቅሉን በጣቱ አንኳኳው።

«ሲስተር፣ ይኼ ወረቀት እንደ ሰው ቦታ ይዟል። እንደ ሰው ይክፈል» አላት በስዋሂሊ።

«ይኼ ወረቀት ካንተ የበለጠ ተምሯል፤ ተማሪ ደግሞ ግማሽ ነው የሚከፍለው» አለችው፣ እሷም በስዋሂሊ።

ማታቱው በሳቅ ተሞላ። አጠገቧ የተቀመጠችው አቢግያ ግን አልሳቀችም፤ ቦርሳዋን አቅፋ ውጭ ውጭውን ታያለች። አቢግያ የሐሴት የክፍል ጓደኛ ናት፣ የቤተ ክርስቲያንም ጓደኛ ናት፤ አሁን የሚሄዱበት የሳይንስ ውድድር ደንብ አንድን ሥራ ሁለት ተማሪዎች ይዘው ይቅረቡ ስለሚል ደግሞ የዚህ ሥራ ተጋሪ ናት። ማኒላው ላይ የሐሴት ስም በቀይ ማርከር፣ ከዳር እስከ ዳር ተጽፏል። የአቢግያም አለ፤ ከታች፣ በእርሳስ።

«ማርከሩ አልቆብኝ ነው እኮ» ብላት ነበር ሐሴት።

«ማርከሩ ነው ወይስ ቦታው?» አለች አቢግያ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላለችም። አቢግያ እንዲህ ናት፤ አንዴ ትናገርና ትቆልፈዋለች።

ነገሩ የተጀመረው ኪሌሌሽዋ፣ ጋሽ ዓለምሰገድ ቤት ነው። ጋሽ ዓለምሰገድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በሥራ ቀን ደግሞ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ከሳተላይት የተነሱ ፎቶዎችን እያዩ የት ደን እንደተመናመነ፣ የት በረሃ እንደገፋ የሚመረምሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ጓደኛውም ሁሉ እንደሱ ነውና፣ አንዱ በቴሌስኮፕ የተነሳ ትልቅ የሰማይ ፎቶ አውሷቸው ሳሎናቸው ውስጥ ተዘርግቶ ሐሴት ደረሰችበት። ፎቶው የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰማዩ ነጭ፣ ኮከቦቹ ጥቁር። ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ዳቦ ይመስላል። መሃሉ ላይ ግን አዝሙዱ ድንገት ጠፍቶ ሰፊ ባዶ ቦታ ተዘርግቷል።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምነው ኮከብ አለቀ?»

«አላለቀም። አቧራ ጋርዶት ነው» አሉ። «የደቡብ መስቀል ከሚሏቸው ኮከቦች አጠገብ ነው፤ ፈረንጆቹ የከሰል ጆንያ ይሉታል። መብራት የጠፋ ማታ ቀና ብትዪ በዓይንሽም ታዪዋለሽ። ኮከብ ባነሰበት ቦታ አቧራው ወፍሯል ማለት ነው። አቧራ ደግሞ ብቻውን አይገኝም፤ ሃይድሮጂን ጋዝ አብሮት አለ። ቢመዘኑ አቧራው አንድ እጅ፣ ጋዙ መቶ እጅ ያህል ነው። አቧራው ሲበዛ ጋዙም ይበዛል። ጋዙን ግን አታዪውም። በሬዲዮ ቴሌስኮፕ ነው የሚሰማ፤ ያፏጫል።»

«ያፏጫል?»

ሐሴት ልቧ የጠፋው እዚህች ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ዓለምሰገድ እንቅልፍ አላገኙም፤ ፎቶውን ለአንድ ከሰዓት አዋሷት፣ የጋዙንም ካርታ ከአንድ አሮጌ የሳይንስ መጽሔት ፈልገው ሰጧት።

«ኮፒ አድርጋችሁ መልሱልኝ። ግን ኮፒ ኮፒ ነው። ለሰው ከመናገራችሁ በፊት መጥታችሁ ከዋናው ጋር አስተያዩት» አሏት።

«እሺ ጋሼ!» አለች ሐሴት። እሺታዋ እዚያው በር ላይ ቀረ።

መሃል ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው የመዝሙር ወረቀት የሚያባዛበት አንድ ጠባብ የፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ፎቶውን በየቁራጩ እዚያ ኮፒ አስደረጉት፣ በኮላ አገጣጠሙት፣ በማስመሪያ ካሬ ካሬ አድርገው ከፋፈሉት፣ በየካሬው ያለው ጥቁር ነጥብ ተቆጠረ። ቆጠራው ዓይን ያጠፋል፤ ሳምንታት ፈጀ። ከጆንያው መሃል ያለችው የመጨረሻዋ ካሬ ስትቀር አቢግያን የመዝሙር ልምምድ ጠራትና ሄደች። ያቺን ካሬ ሐሴት በገዛ እጇ ቆጠረቻት። ቆጥራም ከወንበሯ ዘለለች። አቧራው እንደ ግድግዳ በወፈረበት፣ ምንም ሊታይ በማይገባበት ቦታ፣ ሰባት ጥርት ያሉ ነጥቦች እንደ ማጭድ ታጥፈው ተቀምጠዋል!

እንግዲህ በግድግዳው ላይ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። መጽሐፍ ውስጥ ፈለገችው፤ የለም። የሌለው ደግሞ እስከ ዛሬ ማንም ስላላየው ነው አለች። ቀዩን ማርከር አንስታ ከበበችውና በላዩ ላይ በትልልቁ «የሐሴት መስኮት» ብላ ጻፈች። ማርከሩ ያለቀው ያኔ ነው።

ውድድሩ የተደረገው አርብ ዕለት፣ አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ያሸነፈ ናይሮቢን ወክሎ ለአገር አቀፉ ውድድር ይሄዳል። ሐሴት ሌላ ነገር አልፈለገችም። ፎርም ዋን፣ የሁለተኛ ደረጃ መጀመሪያ ክፍል፣ ከገባች ጀምሮ «ሪፊውጂ»፣ ስደተኛ፣ እያሉ ለሚጠሯት ልጆች፣ ያቺው ሪፊውጂ የናይሮቢን ስም ደረቷ ላይ ለጥፋ ስትቆም ማሳየት ነው ያማራት። ከጎናቸው ከሰል የሚቆጥብ ጂኮ የሠሩ ሁለት ወንዶች ልጆች ምድጃቸውን አቀጣጥለው ቆመዋል። ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚሄደው፤ በቆሎ ጠብሰው ያቀምሱ ነበራ።

ዋናው ዳኛ ሚስተር ኦሞንዲ የሚባሉ፣ ኮሌጅ ፊዚክስ የሚያስተምሩ፣ ረጅም ሰው ናቸው። ማኒላውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይህን ማነው የሠራልሽ? አባትሽ?»

«አባቴ ናይሮቢ ቢኖር ኖሮ፣ ሰር፣ ቢያንስ የማያልቅ ማርከር ይገዛልኝ ነበር።»

ሚስተር ኦሞንዲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ። ሥዕሉ ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ አቧራውን፣ ሌላው የሃይድሮጂኑን ፉጨት ያሳያል።

«ርዕሳችሁ አቧራ በበዛበት ሃይድሮጂን ይበዛል ይላል። የጆንያው ዳር ላይ እውነት ነው፣ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ። መሃሉ ላይ ግን አቧራው እየወጣ ሳለ ሃይድሮጂኑ ባለበት ቆሟል። የራሳችሁ ሥዕል ነው የመሰከረባችሁ። ርዕሱ ተሳስቷል።»

ሐሴት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ሃይድሮጂኑ አልጠፋም፣ ሰር። ዝም ብሎ ነው።»

«ዝም ብሎ?»

«ማታቱ ማቆሚያ ላይ የሚገተሩትን ወንዶች አይተዋቸዋል? ብቻውን የቆመው ሁሉ ሴት ባለፈች ቁጥር ያፏጫል። ሴት ይዞ የቆመው ግን አያፏጭም። ታዲያ ጠፋ ማለት ነው? አልጠፋም፤ ተጣመረ። የሃይድሮጂን አቶምም ብቻውን ሲሆን ነው የሚያፏጨው። አቧራው ሲወፍር የኮከቦቹ ብርሃን ገብቶ አይረብሻቸውም፤ አቶሞቹ የአቧራው ቅንጣት ላይ ቁጭ ብለው ይገናኙና ሁለት ሁለት ይሆናሉ። ያኔ ያ ፉጨት ይቆማል። ሬዲዮው አልሰማም ማለት ጋዙ የለም ማለት አይደለም! የተደበቀውን የሚያጋልጠው እንዲያውም አቧራው ነው። ርዕሱ አልተሳሳተም፣ ሰር። የተሳሳተው ጆሮ ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። በቆሎ የያዘው ሁሉ ወደነሱ ዞረ። ከጂኮዎቹ ልጆች አንዱ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ አፏጨ።

«ይኸው፣ ይኼ ገና አልተጣመረም» አለች ሐሴት፤ አዳራሹ እንደገና በሳቅ ፈነዳ።

ሚስተር ኦሞንዲ ሳቃቸውን ለመደበቅ ጎንበስ ብለው ወረቀታቸው ላይ ጻፉ። ቀና ሲሉ ግን እስክሪብቶው ቀዩ ክብ ላይ ነበር።

«ይህስ ምንድነው?»

«የኔ ግኝት ነው። መስኮት።»

«ይህን አላውቀውም። እዚህ ቦታ እንዲህ ያሉ ኮከቦች ሊታዩ አይገባም። አንሺው። ካነሳሽው ዛሬውኑ አሳልፋችኋለሁ።»

አቢግያ እጇን ወደ ወረቀቱ ሰደደች። ሐሴት እጇን ቀለብ አደረገቻት።

«አይነሳም!»

«ሐሴት፣ በናትሽ!» አለች አቢግያ በአማርኛ። «አልፈናል እኮ!»

«ዝም በይ አንቺ! ሰር፣ እርስዎ ስላላወቁት ነው የማነሳው? ቅድምም እኮ ርዕሱ ተሳስቷል ብለው ነበር።»

ሰውዬው እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«መልካም» አሉ። «ሰኞ ዋናውን ፎቶ፣ አለዚያም እሱን ያየ ሰው ይዘሽ ቢሮዬ ነይ። ያለማስረጃ ከመጣሽ ቦታው የጂኮዎቹ ልጆች ነው።»

ሲመለሱ አቢግያ ማታቱ ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሐሴት ግን ከጎኗ የተቀመጡ ሴትዮ አገኘችና ስለ መስኮቷ እስከ ካሳራኒ ድረስ አወራቻቸው። ቤት ስትደርስ ለእናቷ ነገረች። እናቷ ወይዘሮ የውብዳር ልብስ እየሰፉ ነበር፤ መርፌውን ከጥርሳቸው ሳያወጡ ሰሟት።

«እሰይ፣ መስኮት ከተገኘ ጥሩ ነው» አሉ። «የኛ ቤት ያለችው አንድ ናት፤ እሷም አትከፈትም።»

«እማዬ፣ በስሜ የተጠራ ነገር ሰማይ ላይ አለኝ እያልኩሽ ነው!»

«ሰምቻለሁ። እስቲ መጀመሪያ በስምሽ የተጠራውን ሳህን እጠቢ።»

እሑድ መጣ። ጉባኤው የሚሰበሰበው መሃል ከተማ፣ ከልብስ ሱቆች በላይ በተከራየ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሐሴት ያሰበችው ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ዓለምሰገድን ይዞ ለሰኞ ምስክርነት መጠየቅ ብቻ ነበር። የምስክርነት ሰዓት ደርሶ መሪው «ጌታ ያደረገለት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን እግሯ ሳያማክራት ተነሳ። ማይኩን ያዘች።

«ጌታ ይመስገን!»

«አሜን!» አለ ጉባኤው።

«ወገኖቼ፣ ትልልቅ ሳይንቲስቶች በትልልቅ ቴሌስኮፕ ያላዩትን፣ በጨለማው መሃል ያለውን መስኮት ጌታ ለእኔ ለትንሿ አሳየኝ! አንሺው ተባልኩ። አላነሳም አልኩ! አላነሳም!»

«አሜን! ሃሌ ሉያ!»

ወይዘሮ የውብዳር ከእናቶች መዘምራን መሃል እልልታውን አቀለጡት። ፊት ወንበር ላይ የነበሩት ጋሽ ዓለምሰገድ መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩአት። አሜን አላሉም። ሐሴት ይህን አይታለች፤ ግን ጭብጨባው ብዙ ነበር።

ከዚያ አዲስ መዝሙር ሊዘመር ወረቀት ታደለ። በእጅ የተጻፈ፣ አርብ የተባዛ፣ ገና የኮፒ ሽታው ያልለቀቀ ወረቀት ነው። ሐሴት ጉሮሮዋን አጽድታ ወደ ወረቀቷ አየች። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው አንጓ መሃል፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ሰባት ጥቁር ነጥቦች አሉ። እንደ ማጭድ ታጥፈዋል።

ጣቷን በምራቋ አርሳ ፈተገችው። አይለቅም። በቀኟ ያሉትን ሴትዮ ወረቀት ሰረቅ አድርጋ አየች፤ አለ። በግራዋ ያለውን ልጅ አየች፤ አለ። ተንጠራርታ የፊተኛውን ረድፍ አየች። እዚያም አለ፤ ያው ማጭድ፣ ያው ቦታ ላይ። ጉባኤው በሙሉ የሐሴትን መስኮት በእጁ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘምራል።

ቀና ስትል አቢግያ ከመዘምራኑ መሃል እያየቻት ነው። ወረቀቷን አገጯ ድረስ አንስታለች። አፏ ይዘምራል፤ ጣቷ ነጥቦቹ ላይ ነው።

ጋሽ ዓለምሰገድ ከአዳራሹ ሲወጡ ሁለቱንም መኪናቸው ውስጥ አስገብተው ኪሌሌሽዋ ወሰዷቸው። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉላቸውና ማጉያ መነጽር ለሐሴት ሰጧት። ካሬዋን አገኘቻት። ባዶ ናት። አንዲት ነጥብ እንኳ የለባትም። ማጉያውን አዞረችው፣ አራቀችው፣ አቀረበችው። ባዶ።

«የኮፒ ማሽኑ መስታወት ላይ የተጋገረ አቧራ ነው» አሉ ጋሽ ዓለምሰገድ። «የመንገዱ አቧራ።»

አቢግያ የራሳቸውን ወረቀት ዘርግታ በየቁራጩ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «በሁሉም ላይ አለ። ኮከቡ በበዛበት ተውጦ ነው ያላየነው። ሰባት ሰባት ስቀንስ መስመራችን ንቅንቅ አይልም። የመሃሏ ካሬ ብቻ ናት የምትቀየረው።»

«ጉባኤ ፊት መስክሬያለሁ እኮ!» አለች ሐሴት።

«ሰምቻለሁ» አሉ ጋሽ ዓለምሰገድ። «በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ትመሰክሪያለሽ።»

ሐሴት ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። ናይሮቢን ወክላ የምትቆመው ሐሴት፣ ሪፊውጂ የማትባለዋ ሐሴት፣ በሰባት የቆሻሻ ነጠብጣብ ልትቀር ነው። አርብ ዕለት አንሺው ሲሏት ብታነሳው ኖሮ አልፋ ነበር። ይህን ስታስብ ደግሞ እንደገና ተናደደች፤ ያን ጊዜ ብታነሳው ኖሮ ፈርታ ነበር የምታነሳው። ፈርቶ ማንሳትና አይቶ ማንሳት አንድ አይደለም።

«እኔ እምልሽ» አለች አቢግያ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ፣ «ካሬዋ ባዶ ከሆነች አቧራው ካልነው በላይ ወፍሯል ማለት ነው። የጋዙም ዝምታ እዚያ መሃል ላይ ይበልጥ ስሜት ይሰጣል።»

ሐሴት ቀስ ብላ ቀና አለች። ዓይኗ በራ።

ሰኞ ሚስተር ኦሞንዲ ቢሮ ውስጥ፣ ሰውዬው «ደህና አደራችሁ» ሳይሉ ማኒላውና ከጋሽ ዓለምሰገድ የተዋሱት ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጉ። «የሐሴት መስኮት» ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበታል።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ሰር። እርስዎ ስላዘዙኝ አይደለም። ስላየሁት ነው። ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ዋናው ፎቶ ነው፤ ያቺ ካሬ ባዶ ናት። ባዶ ስለሆነች ደግሞ አርብ የተከራከርኩት ነገር ጠነከረ እንጂ አልፈረሰም!»

«ስህተቱን እንዴት አገኛችሁት?»

«በገለልተኛ ማስረጃ» አለችና የመዝሙሩን ወረቀት ፊታቸው አስቀመጠች።

ሚስተር ኦሞንዲ አማርኛ አያነቡም። ሰባቱን ነጥቦች ግን አነበቡ። ከዚያ ሳቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ሲጨርሱ ማኅተማቸውን አንስተው ወረቀታቸው ላይ መቱ።

«ሂዱ። ርዕሳችሁን እንዳትነኩት።»

ሐሴት ከግቢው ስትወጣ ቁመቷ ጨምሯል። ጥቅሉን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ሰው ሁሉ ዞር እንዲልላት እየተራመደች፣ ወደ ማታቱ ማቆሚያ አመራች። አቢግያ ከኋላ ከኋላዋ ትከተላለች።

«አየሽ? ይኼ አፌ ባይኖር ጂኮ ነበር የሚሄደው! እኔ እኮ አልሸነፍም። መስኮቱ ይቅር፣ ምን አገባኝ! በዚህ ሁሉ ናይሮቢ ውስጥ በኮከቦች መሃል ያለውን አቧራ የለካ ሰው አሁንም እኔ ብቻ ነኝ!»

አቢግያ ቆም ብላ የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች።

«አንቺ ምንም አልለካሽም» አለች። «ካሬዎቹን በሙሉ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። አንቺ የቆጠርሽው መስኮቷን ብቻ ነው።»